ታንክ ውስጥ ለሚሰምጥ የቤንዚን ፓምፕ የትኛው ሆዝ ይሻላል?

ፓምፑ አዲስ ነው። ፊልትሮውም ተቀይሯል። መኪናው ግን ዳገት ላይ አሁንም ጉልበት ያንሰዋል፣ ጠዋት ጠዋትም ሞተሩ ብዙ ካልዞረ አይነሳም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው «ፓምፑ ፎርጅድ ነው» ይልና ሁለተኛ ፓምፕ ይገዛል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከፓምፑ አናት ተነስታ ወደ ታንኩ ክዳን የምትወጣው፣ አንድ ስንዝር እንኳ የማትሞላው ሆዝ ላይ ነው።

ይህች ሆዝ ስትቀደድ ተንኮለኛ ናት። ከመኪናው ሆድ ስር ያለ ቱቦ ቢቀደድ ይሸታል፣ ይንጠባጠባል፣ ጎረቤት እንኳ ይነግራችኋል። ታንክ ውስጥ ያለችው ስትቀደድ ግን ቤንዚኑ የሚፈሰው ተመልሶ እዚያው ታንክ ውስጥ ነው። ሽታ የለም፣ ጠብታ የለም። ፓምፑ እያጓራ ይሠራል፣ ግፊቱ ግን ሞተሩ ጋ አይደርስም። ሞተሩን ስታጠፉ ቱቦው ውስጥ ተይዞ ማደር የነበረበት ግፊትም በቀዳዳው ይወጣል። ጠዋት ቁልፉን እየደጋገማችሁ የምታዞሩት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ባሕር ዳር ላይ ጉዳዩ የብዙ ሰው ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ ያለውን ቪትዝና ኮሮላ እየጠገንን መንዳት ነው። ፓምፑ ተነጥሎ ይቀየራል፣ ሆዟ ደግሞ ከመደርደሪያ ላይ ከተገኘችው ጎማ ተቆርጣ ትገባለች። ሱቅ ሄዳችሁ «የቤንዚን ሆዝ» ስትሉ የሚሰጣችሁ ነገር የቤንዚን መሆኑ እውነት ነው። ግን ቤንዚን በውስጧ እንዲያልፍ እንጂ ቤንዚን ውስጥ እንድትኖር አልተሠራችም።

የማይመለከታችሁን ቶሎ ልሸኛችሁ። ካርብሬተር ያለው አሮጌ ባጃጅ ታንኩ ውስጥ ፓምፕ የለውም። አብዛኞቹ የቆዩ የናፍጣ ፒካፖችም ነዳጁን የሚስቡት ሞተሩ ጋ ባለ ፓምፕ ነው። ይህ ጽሑፍ ኢንጀክሽን ላላቸው፣ ማለትም ቤንዚኑ በግፊት ለሚረጭላቸው መኪኖች ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ስም ከማወዳደራችን በፊት ሆዟ ምን እንደምትችል እንጠይቅ።

አንደኛውና ዋናው የውጪ ቆዳዋ ነው። የቤንዚን ሆዝ ሦስት ንብርብር አለው። ቤንዚኑን የሚነካ የውስጥ ጎማ፣ መሃል ላይ ግፊት የሚችል የክር ሽሩባ፣ ከላይ ደግሞ ሽፋን። ተራው ሆዝ ላይ ሽፋኑ የተሠራው ለፀሐይ፣ ለሞተር ሙቀት፣ ለአቧራና አልፎ አልፎ ለሚረጭ ዘይት ነው። ዝናብ ላይ ጃንጥላ ይዞ መቆምና ጣና ውስጥ ገብቶ መቀመጥ አንድ አይደለም። ሽፋኑ ሌት ተቀን ቤንዚን ውስጥ ሲሆን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ቅርፊቱም እየተነሳ ፓምፑ ስር ያለውን ወንፊት ይደፍናል። ቤንዚኑ በተቆረጠው ጫፍ በኩል ወደ ክሩም ይገባል፤ ያኔ ንብርብሮቹ ይለያያሉ። «ታንኬን ሁሌ በግማሽ ስለምነዳ ሆዟ አትነከርም» የሚል ሰው አለ። አይሠራም። ከቤንዚኑ በላይ ያለው ባዶ ቦታ በእንፋሎት የተሞላ ነው፣ እንፋሎቱም ጎማውን ይበላዋል።

ሁለተኛው ግፊት ነው። የካርብሬተር መኪና ከግማሽ ባር በማይበልጥ ግፊት ይሠራል። ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ባር ይፈልጋሉ፤ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ገደማ ነው። መስመሩ ቢደፈን ፓምፑ ከዚህም በላይ ሊገፋ ስለሚችል ሆዟ ትርፍ አቅም ይኑራት። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ይህን ያውቀዋል። ደጀንን አልፋችሁ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ፣ በአባይ በረሃ ሙቀት ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጡ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ይጠይቃል። ከተማ ውስጥ ያልታወቀች ትንሽ ቀዳዳ እዚያ ዳገት ላይ ትጋለጣለች።

ሦስተኛው መተጣጠፍ ነው፣ ይሄንን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ብዙ መኪኖች ላይ ፓምፑ ያለበት ክፍል ስፕሪንግ አለው፤ ወደ ታች ተገፍቶ የታንኩን ወለል እንዲነካ ነው። ደረቅና አጭር ሆዝ ካስገባችሁ ፓምፑን ወደ ላይ አንጠልጥላ ትይዘዋለች። ጌጁ «ትንሽ አለ» እያለ መኪናው ይቆማል። ቤንዚን እንደ ልብ በማይገኝበት ሰሞን፣ በትንሽ ነዳጅ ስንነዳ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

አራተኛው የኒፕሉ፣ ማለትም ሆዟ የምትሰካበት ጫፍ ቅርጽ ነው። አንዳንዱ ፓምፕ ጫፉ ላይ አንድ ለስላሳ ጉብታ ብቻ አለው፤ ይሄ ለጎማና ጎማውን ለሚያጠብቀው ቀለበት፣ ለፋሸታ ነው። ሌላው ላይ የተደራረበ ስለታም ጥርስ አለ፤ ይሄ ተገፍቶ ለሚገባ ናይለን ነው። ስለታሙ ጥርስ ጎማ ይቆርጣል። ለስላሳው ጉብታ ላይ ደግሞ ናይለን ይንሸራተታል። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ኒፕሉን አይታችሁ ሂዱ፤ ግማሹ ምርጫ እዚያው ያልቃል።

ዋጋና መገኘት የመጨረሻ ናቸው። ዋጋ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የምትፈልጉት 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ውዱም ሲቆረጥ ያን ያህል አያስደነግጥም።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ተራው የቤንዚን ጎማ።* በአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ ኤስኤኢ 30አር7 የሚባለው ነው። የውስጡ ጎማ ናይትራይል፣ አቅሙ 50 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ማለትም 3.4 ባር ገደማ። ለካርብሬተር መኪና፣ ለመመለሻ መስመር፣ ለእንፋሎት ቱቦ ጥሩ ነው፤ ለዚያ ሥራ አልንቀውም። ታንክ ውስጥ ግን ሁለት ጊዜ ይወድቃል። ግፊቱ ላይ ዳር ላይ ነው፣ ሽፋኑ ደግሞ መነከር አይችልም። ብዙ ጊዜ ሆዛቸው ከተቀደደ ፓምፖች ላይ የምናገኘው ይሄንኑ ነው፤ ሱቅ ሁሉ አለ፣ ርካሽ ነው፣ መካኒኩም ለመቁረጥ ይቀለዋል።

*የኢንጀክሽን ሆዝ።* 30አር9 ይባላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ይህ ሆዝ በእውነት ጥሩ ሆዝ ነው። ውስጡ ፍሎሮኤላስቶመር ነው፣ ብዙዎቻችን ቪተን የምንለው ዓይነት፤ ቤንዚን አይጎዳውም፣ ኢታኖል የተቀላቀለበትም ቢሆን። ግፊቱም 100 ፒኤስአይ፣ ወደ 7 ባር። ሻጩ «ይሄማ ኦርጅናል ነው ወንድሜ፣ የኢንጀክሽን ነው» ሲላችሁ አልዋሸም። ችግሩ ቪተኑ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ሽፋኑ ሌላ ጎማ ነው፣ ከሞተር አጠገብ ለመኖር የተሠራ። ታንክ ውስጥ ስታስገቡት ውስጡ ደህና ሆኖ ውጪው ይበላል። ወዲያው አይቀደድም፤ ለዚህም ነው «እኔ አስገብቼ ምንም አልሆነም» የሚል መካኒክ የማይጠፋው። ሆዝ ከውጭ ሲበላ ደግሞ ደንበኛው ተመልሶ ሲመጣ «ፓምፑ ነው» ይባላል እንጂ ማን ሆዟን ያያል።

የዚህ ዘመድ የሆነ 30አር14 የሚባልም አለ። የእንፋሎት ማምለጥን ይቀንሳል፤ ለመነከር ግን እሱም አልተሠራም።

*የሚነከረው ሆዝ።* 30አር10። ስሙ ላይ የአንድ ቁጥር ልዩነት ነው፤ ሥራው ላይ ግን ሰማይና ምድር። ውስጡም ውጪውም ቤንዚን ከሚችል ፍሎሮኤላስቶመር የተሠራ ነው። ይህ ደረጃ የተጻፈውም በተለይ ታንክ ውስጥ ለሚሰምጥ ሆዝ ነው። አብዛኛዎቹ 100 ፒኤስአይ ይችላሉ። በእጅ ስትይዙት ከተራው ጎማ ከበድ ይላል፤ ፍሎሮኤላስቶመር ጥቅጥቅ ያለ ጎማ ነውና። ጉድለቱ ዋጋው ነው፤ ከተራው በብዙ እጥፍ ይወደዳል፣ ብዙ ጊዜም በ30 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ነው የሚሸጠው። ሌላው ጉድለት ጠንከር ማለቱ ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ በኃይል ካጠፋችሁት ይታጠፍና ውስጡ ይዘጋል። መታጠፊያ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

*ሸንተረር ያለው ናይለን ቱቦ።* ጥቁር ወይም ነጣ ያለ፣ እንደ ቫኪዩም ማጽጃ ቱቦ የተሸነተረ፣ ስስ ፕላስቲክ። አዳዲሶቹ መኪኖች ከፋብሪካ የሚመጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ቤንዚን አይጎዳውም፣ ሸንተረሩ ስለሚተጣጠፍ ስፕሪንጉን አይከለክልም፣ ዋጋውም መካከለኛ ነው። ግን ስለታም ጥርስ ያለው ኒፕል ይፈልጋል፤ ፋሸታ አይደረግበትም። ለማስገባት ጫፉን የፈላ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ሲለሰልስ መግፋት ነው። በላይተር የሚያሞቅ መካኒክ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ቱቦው ይጠበሳል፣ አጠገቡም የቤንዚን ታንክ ተከፍቷል። አንዴ ከወጣ ደግሞ ጫፉ ስለሚሰፋ መልሶ አይገባም፤ አዲስ ነው የሚቆረጠው።

*ሽቦ የለበሰ ቴፍሎን።* ውስጡ ፒቲኤፍኢ፣ ውጪው የማይዝግ ሽቦ። ከቤንዚን ጋር ምንም ጸብ የለውም፣ ግፊቱም ከሚያስፈልገን በጣም ይበልጣል። ለታንክ ከሆነ ኮንዳክቲቭ (ኤሌክትሪክ አስተላላፊ) የሚባለውን፣ ውስጡ ጥቁር የሆነውን ምረጡ፤ ቤንዚን ሲፈስ የሚፈጠረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ተራውን ቴፍሎን በጥቃቅኑ ሊበሳው ይችላል። ራሱን የቻለ ፊቲንግ ግዴታው ነው፤ በኒፕል ላይ ገፍታችሁ ፋሸታ አታጠብቁበትም። ለቪትዝ ይሄን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በመልኩ የሚመስለው፣ ሽቦ የለበሰ ጎማ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሽቦው ስር ያለው ተራ ጎማ ሊሆን ይችላል።

*ሙሉ የፓምፕ ክፍል ከነክዳኑ።* አዲስም ያገለገለም ይገኛል። ፓምፑ፣ ቱቦው፣ ወንፊቱ፣ የጌጁ ተንሳፋፊ አንድ ላይ ይመጣል። ፓምፑም ሆዟም ካረጁ ሁሉንም ለየብቻ ከማሳደድ ይሄ ሊቀል ይችላል። ያገለገለ ስትገዙ ግን ቱቦዋን ጎንበስ አድርጋችሁ እዩ። ጎማ ከሆነች በመታጠፊያው ላይ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ሰው የቀየረው ከሆነ ያው የተራ ጎማ ታሪክ ነው።

ጭራሽ የማይገቡም አሉ። ክሊር ፕላስቲክ ቱቦ ቤንዚን ውስጥ ይደርቅና ይሰበራል። የራዲያተር ጎማ ኢፒዲኤም ከሚባል የጎማ ዓይነት ስለሆነ ቤንዚን ሲነካው እንደ ስፖንጅ ያብጣል። ሲሊኮን በቀለሙ ያምራል፣ ቤንዚን ግን ያሳልፋል። የሐይቁ ዳር ነገር ደግሞ አለ፤ ለጀልባ ሞተር የሚሸጠው ሆዝ ጠንካራ ስለሚመስል «ውኃ የሚችል ቤንዚንም ይችላል» የሚል አለ። የጀልባ ሆዝ ከታንክ ወደ ሞተር በአየር ላይ የሚሄድ ነው፤ የተጨነቁለት ለፀሐይ፣ ለእንፋሎትና ለእሳት ነው። ለዘጌ ጀልባ የሚበቃው ለቪትዝ ታንክ አይበቃም።

በአንድ እይታ

| ዓይነት | ውጪው መነከር ይችላል? | ለ3–4 ባር | መተጣጠፍ | አያያዙ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ተራ ጎማ፣ 30አር7 | አይችልም | ዳር ላይ | ጥሩ | ፋሸታ | ርካሽ |
| የኢንጀክሽን፣ 30አር9 | አይችልም | ይበቃል | መካከለኛ | ፋሸታ | መካከለኛ |
| የሚነከር፣ 30አር10 | ይችላል | ይበቃል | ጠንከር ያለ | ፋሸታ | ውድ |
| ሸንተረር ናይለን | ይችላል | ይበቃል | በጣም ጥሩ | ጥርስ ያለው ኒፕል | መካከለኛ |
| ሽቦ የለበሰ ቴፍሎን | ይችላል | ከበቂ በላይ | መካከለኛ | ልዩ ፊቲንግ | በጣም ውድ |
| ሙሉ ክፍል | እንደ ቱቦው | ለሞዴሉ ከሆነ ይበቃል | ከፋብሪካው | ዝግጁ | ውድ |

ታዲያ ማን የቱን ይግዛ?

ፓምፓችሁ ለስላሳ ኒፕል ካለውና መስመሩ ቀጥ ያለ ከሆነ 30አር10 ግዙ፣ ሌላ አታስቡ። የአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች ልክ 8 ሚሊ ነው፣ ግን ለክታችሁ እርግጠኛ ሁኑ። ባሕር ዳር ሱቆች ውስጥ ካጣችሁት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የምታውቁት ሰው ጠይቆ በአውቶቡስ ይላክላችሁ። ስትልኩት ቁጥሩን ጻፉለት፤ «የፓምፕ ሆዝ» ብቻ ካላችሁት የሚመጣው 30አር9 ነው። ቁጥሩ ሆዙ ጎን ላይ በላቲን ፊደል ታትሞ ይገኛል። ጽሑፍ የሌለው ሆዝ ስም የለውም።

ኒፕሉ ጥርስ ካለው፣ በተለይም የመኪናችሁ ፓምፕ በስፕሪንግ የሚወርድና የሚወጣ ከሆነ፣ ናይለኑን ውሰዱ። ኒፕሉ ጥርስ ካለው ገንዘብ ያጠረው ሰውም እዚህ ይጠቀማል፤ ከ30አር10 ይረክሳል፣ ሥራውም ከፋብሪካው ጋር አንድ ነው።

በቀን ሙሉ የምትሠሩ የታክሲ ባለቤቶች ከሆናችሁ፣ ፓምፑም ዕድሜው ከገፋ፣ ሙሉውን ክፍል ማሰብ ያዋጣል። መኪና ቆሞ የሚያልፈው ቀን ከሆዝ ዋጋ ይበልጣልና።

መንገድ ላይ ቆማችሁ ወረታ ወይም ዳንግላ ላይ 30አር9 ብቻ ከተገኘ? አስገቡትና ቤታችሁ ድረሱ። ከዚያ አውጡት። ለጊዜው የገባ ነገር ለዘላለም እንዳይቀር መካኒኩ ሳይሆን እናንተ አስታውሱ።

ጽሑፉን ማመን ካቃታችሁ፣ ፎርጅድ ማኅተምም አይጠፋምና፣ አንድ ሙከራ አለ። ከሆዙ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፣ ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ፣ ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ቤንዚን አድርጋችሁ ለሳምንት ከቤት ውጭ አስቀምጡ። በሃይላንድ ጠርሙስ አይደለም፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣል። ሳምንቱ ሲያልቅ የውጪ ቆዳው በግልጽ ካበጠ፣ ጥፍር ሲነካው ከተላጠ፣ ወይም ቤንዚኑ ከጠቆረ፣ ሆዙ የታንክ አይደለም። ማለፉ ግን ግፊት ይችላል ማለት አይደለም፤ ይህ ሙከራ የሚነግራችሁ ስለ ጎማው ብቻ ነው።

ሲገጠም

ጥሩ ሆዝ በመጥፎ ፋሸታ ይበላሻል። በካቻቪቴ የሚጠብቀው፣ ወገቡ ላይ የተበሳሳ ቀዳዳ ያለው ፋሸታ ሲጠብቅ ጎማውን በቀዳዳዎቹ ይቆርጠዋል። ውስጡ ለስላሳ፣ ዳሩ ወደ ላይ የተገለበጠውን የኢንጀክሽን ፋሸታ ጠይቁ፤ ሁለመናው የማይዝግ ይሁን፣ ብሎኑም ጭምር። በጀሪካን የሚቀዳ ቤንዚን ውኃ ይዞ ስለሚመጣ ተራው ብሎን ታንክ ውስጥ ይዝጋል። ልኩ የሚመረጠው በሆዙ የውጪ ውፍረት ነው፤ የ8 ሚሊ ሆዝ ውጪው 14 ሚሊ ገደማ ይሆናል። ሆዟ ጉብታውን ሙሉ በሙሉ አልፋ ትግባ፣ ፋሸታው ከጉብታው ጀርባ ይቀመጥ።

ታንክ ከመክፈታችሁ በፊት የፓምፑን ፊዩዝ አውጥታችሁ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሱት፣ ግፊቱ ይወጣል። ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ሥራው ደጅ ላይ ይሁን፣ ጎረቤት ቡና እያፈላ ከሆነ ከሰሉ ጨርሶ እስኪጠፋ ጠብቁ። ታንኩ ከሩብ ባይበልጥ ይመረጣል።

የድሮዋ ሆዝ ቅርፊቷ የተነሳ ከሆነ ወንፊቱንም ቀይሩ፣ የታንኩን ወለል በባትሪ መብራት እያያችሁ ጥቁሩን ፍርፋሪ አውጡ። ስትጨርሱ ክዳኑን እሰሩ፣ ፊዩዙንና ባትሪውን መልሱ፣ ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ሦስት አራት ጊዜ ኦን አድርጋችሁ አጥፉ፤ በየጊዜው ፓምፑ ለአፍታ ሲያጓራ መስመሩ ይሞላል። መካኒኩ የግፊት ጌጅ ካለው ፓምፑ እየሠራ ቁጥሩን ያንብብ፤ ለመኪናው ከተጻፈው በታች ከሆነ እንደ መጀመሪያው ግፊቱን አውጥታችሁ፣ ባትሪውን ነቅላችሁ ክዳኑን ክፈቱና ፋሸታዎቹን እንደገና እዩ።